«ያልተሳፈረ ለገሃር ይቀራል»

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ድሬዳዋ ውስጥ የአንድ ትራንዚት ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ነኝ። የወረቀት ፋይሉን ትተን ሁሉንም ሥራ ወደ ኮምፒውተር ልናዞር ነው። ከሠራተኞቼ ብዙዎቹ በዕድሜ ይበልጡኛል። ሥልጠና ላይ «ለውጥን በተለዋጭ ዘይቤ አስረዱ» ስለተባልን፣ በስብሰባ ላይ «ባቡሩ ሊነሳ ነው፤ ያልተሳፈረ ለገሃር ይቀራል» አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ቢሮው ቀዝቅዟል። አንድ አንጋፋ ሠራተኛችን ሻይ ላይ «እኔ ሻንጣ ነኝ፤ ሰው ካነሳኝ እነሳለሁ» ማለታቸውን ሰማሁ። ምን አስከፋቸው? ሌላ ምሳሌ ልፈልግ ወይስ ነገሩን ልተወው?
ከሳቢያን

መልስ፦ ድሬ ነሽና አንቺ እያልኩ ልቀጥል፤ አንቱታው ለሌላ ከተማ ይቆየን።

ምሳሌውን አትተዪው። «የአሠራር ሥርዓት ማሻሻያ» ሲባል ሰው ስልኩን ያወጣል። ባቡር ስትዪው ግን ወዲያው ይታየዋል። ጣጣው፣ የሚታየው አንቺ ያሰብሽው ብቻ አለመሆኑ ነው። ምሳሌ ለሚሰማው ሰው ቦታ ይሰጠዋል። ባቡር ስትዪ አንቺ ነጂ ሆንሽ፣ እነሱ ደግሞ ወይ ተሳፋሪ ወይ ቀሪ። ተሳፋሪ ምን ይሠራል? ቲኬቱን ይዞ ይቀመጣል። አንቺ የምትፈልጊው ግን ዲክላራሲዮኑን (ለጉምሩክ የሚቀርበውን የዕቃ መግለጫ) ራሱ ኮምፒውተር ላይ ሞልቶ፣ የታሪፍ ቁጥሩ ሲሳሳት «ቆይ፣ ይሄ ልክ አይደለም» የሚል ሰው ነው። ስለዚህ የሰውዬውን «ሻንጣ ነኝ» እንደ ቀልድ አትለፊው። የሰጠሻቸውን ቦታ በትክክል ነው ያነበቡልሽ። እንዲያውም ካንቺ ምሳሌ የእሳቸው ይሻላል ባይ ነኝ።

ደግሞ ይህን የተናገርሽው የት ሆነሽ ነው? ድሬዳዋ! ሐዲዱ ወደ ሐረር እንዲወጣ ታስቦ ተራራው ወጪ ስላበዛ፣ በ1895 ዓ.ም. ሜዳው ላይ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ። አባቱ ወይ አያቱ ምድር ባቡር የሠራ ሰው እዚያው ቢሮሽ ውስጥ አይጠፋም። እነዚህ ሰዎች የድሮው ባቡር እየተዳከመ፣ በኋላም ወደ አዲስ አበባ መሄዱን ሲያቆም ዓይናቸው እያየ ነው። ሠራተኛው በየጠዋቱ ተነስቶ፣ ሙያው በእጁ እያለ፣ የሚነሳ ባቡር ግን የለም። አቦ፣ ለገሃር የቀረው ሰው ሰንፎ አልነበረም፤ የቀረው ባቡሩ ነው! ከዚያ በ2009 መስከረም አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ፣ ጣቢያውም ከከተማው ወጣ አለ። አንቺ «ያልተሳፈረ ይቀራል» ስትዪ ወጣቱ ማስጠንቀቂያ ይሰማል፣ አንጋፋው ደግሞ የቤቱን ታሪክ።

ከባቡሩ መውጣት ካልፈለግሽ ግን ሐዲዱን ተመልከቺ። የድሮው ስፋቱ 1 ሜትር ነው፣ የአዲሱ 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲም። የድሮው ፉርጎ አዲሱ ላይ አይሄድም። ፉርጎው ውስጥ ያለው ዕቃ ግን ወርዶ አዲሱ ላይ ሊጫን ይችላል። አንቺም ቤት እንዲሁ ነው፤ ፉርጎው የወረቀት ፋይሉ ነው። ዕቃው ሰውዬው የሚያውቁት ነገር ነው፦ የትኛው ዕቃ ሁልጊዜ ለፍተሻ እንደሚያዝ፣ የትኛው ደንበኛ ኢንቮይሱን አጓድሎ እንደሚልክ። ይህ ኮምፒውተሩ ውስጥ የለም። «ዕቃውን ማን ያውርድልን?» ብትዪያቸው ሻንጣ መሆናቸው ያበቃል፤ ያለ እሳቸው የሚወርድ ነገር የለምና።

የእኛ መሥሪያ ቤቶችም በዚህ ብዙ ተጫውተዋል። «የለውጥ ሠራዊት» ሲባል የነበረውን ታስታውሺው ይሆናል፣ ከአንድ ለአምስት አደረጃጀቱ ጋር። ሠራዊት ከተባለ አዛዥ አለ፣ ታዛዥ አለ፣ ጠላትም መኖር አለበት። «ይሄ አሠራር አያስኬድም» የሚል ባለሙያ እንደከዳ ወታደር ይታያል። ከዚያ ማን ይናገራል? ሁሉም ፎርሙን ሞልቶ ይፈርማል፣ ሥራው እንደነበረው ይቀጥላል። ፈረንጆቹም ከዚህ አላመለጡም። ከርት ሌዊን የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር በ1947 እ.ኤ.አ. ለውጥን በበረዶ መስሎት ነበር፦ ታቀልጠዋለህ፣ ወደ አዲሱ ትወስደዋለህ፣ መልሰህ ታረጋዋለህ። የቆየውን ልማድ ለምን መጀመሪያ ማላላት እንደሚያስፈልግ ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ግን ሠራተኛው በረዶ ከሆነ አቅላጩ ሁሌም አለቃ ነው። ደግሞ ድሬ ላይ መልሶ የሚረጋ ነገር ከየት ይመጣል?

አሁን የምታደርጊውን ልንገርሽ። ስብሰባ አትጥሪ፣ በተለይ ከሰዓት በኋላ፣ በበርጫ ሰዓት። ጠዋት ሻይ ላይ አብረሻቸው ተቀመጪና «ይሄ ቢሮ አሁን ለእናንተ ምን ይመስላል?» ብለሽ ጠይቂ። ከዚያ ዝም በይ። አንዱ «ደጫቱ ነው» ሊልሽ ይችላል። ወንዙ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ነው፣ አንድ ሌሊት ግን ቤት ይዞ ይሄዳል፤ የሐምሌ 1998ቱን ጎርፍ ያየ ሰው ይህን ለጨዋታ አይለውም። እንዲህ ካለሽ ኮምፒውተሩን ጠልቶ አይደለም፤ ድንገት እንዳይመጣበት ነው የፈራው። እንግዲያው ቀኑን አሳውቂ። ለተወሰነ ጊዜ ወረቀቱና ኮምፒውተሩ ጎን ለጎን ይሂዱ። መጀመሪያ ቀላል ፋይሎችን አዛውሩ። ሌላው «እስር ቤት ነው» ቢልሽ ደግሞ መድኃኒቱ ሌላ ነው፤ ያኔ ስለ ፈቃድና ስለ ፊርማ ብዛት ነው የምትነጋገሩት።

አንድ ነገር ብቻ፦ ሰው የምትቀንሺ ከሆነ በምሳሌ አትሸፍኚው። ቁጥሩንና ቀኑን በቀጥታ ተናገሪ።

ጥያቄ፦ ሐረር ውስጥ በግል ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ባለቤቱ «እኛ ቤተሰብ ነን» ይላል፤ ለትርፍ ሰዓት ሥራ ክፍያ ስንጠይቅ «በቤተሰብ መሀል ሒሳብ አለ እንዴ?» ይለናል። ምን ብንለው ይሻላል?

መልስ፦ «ቤተሰብስ ይቅር፣ አፎቻ እንሁን» በሉት፤ ሐረር ያደገ ሰው ከሆነ ይገባዋል። አፎቻ የሐረሪዎች መረዳጃ ማኅበር ነው፤ እዚያም ፍቅር አለ፣ ሠርጉም ለቅሶውም የጋራ ነው። ግን መዋጮው ይታወቃል፣ የእያንዳንዱ አባል ግዴታም ይታወቃል፣ ሒሳብ መጠየቅም ነውር አይደለም። ይህ ካልሠራ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ይዛችሁ ግቡ፦ በቀን ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው የሰዓት ደመወዝ 1.5 እጥፍ፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን 2 እጥፍ። ስትገቡ ግን አንድ ላይ ግቡ።