የፍርድ ቤት ዳታቤዝ ለምታዛውሩ ልጆች

ደሴ፣ ኮምቦልቻና ወልድያ ሆናችሁ ኮድ ለምትጽፉ ልጆች፣ ሰላም ብያለሁ። ሰሞኑን ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። የመዝገብ ሲስተሙ ተንቀራፏል፤ ለንባብ ወደሚፈጥን ዳታቤዝ እናዛውረው ወይ? የቱንስ እንምረጥ?

የዳታቤዙ ስም ይቆየን። መጀመሪያ መዝገብ ቤቱ መስኮት አጠገብ ሄዳችሁ ተቀመጡ። ማን መጥቶ ምን እንደሚጠይቅ ጻፉ። ከወረኢሉ የመጣው ባለጉዳይ "ቀጠሮዬ መቼ ነው?" ይላል። ጠበቃው የፍርድ ግልባጭ ይፈልጋል፤ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ይግባኝ የሚቀርበው በ60 ቀን ውስጥ ነውና ይቸኩላል። ሬጅስትራሩ ለየችሎቱ ስንት መዝገብ እንዳለ ማወቅ ይፈልጋል። ውሳኔ የሚጻፈው አንዴ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ የሚመጣው ሊያነበው ነው። የድሮው ዳታቤዝ ግን የተሠራው ለመጻፍ እንዲመች ነው። ተከራካሪው አንድ ቴብል (ሠንጠረዥ) ላይ፣ ቀጠሮው ሌላ፣ ትዕዛዙ ሌላ። አንድ ገጽ ለማሳየት ያንን ሁሉ ማገናኘት አለበት። ለምን እንደሚንቀራፈፍ አሁን ገባችሁ?

ለንባብ ማመቻቸት ማለት ይህን የማገናኘት ሥራ ሰው ሳይጠይቅ በፊት ጨርሶ ማስቀመጥ ነው። አንድ የመሬት ክርክር አስቡ። ወረዳ ፍርድ ቤት ላይ አንድ የመዝገብ ቁጥር ነበረው፣ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሲደርስ ሌላ፣ ሰበር ላይ ደግሞ ሌላ። ባለጉዳዩ ግን ጉዳዬ አንድ ነው ብሎ ነው የሚያስበው፤ ልክም ነው። ስለዚህ ለማንበብ ብቻ ከዋናው ዳታቤዝ በምታዘጋጁት የንባብ ቴብል ላይ ሦስቱንም በአንድ ረድፍ ሰብስቡለት። አንድ ጥንቃቄ አለ። ያው ቁጥር ሁለት ፍርድ ቤት ላይ ሊኖር ስለሚችል መዝገቡን የምትለዩበት ቁልፍ ቁጥሩ ብቻ አይሁን፤ የፍርድ ቤቱም መለያ ይጨመርበት።

ስም ላይ ግን ረጅም ጊዜ ስጡ። ወሎ ውስጥ መሐመድ፣ መሀመድ፣ ሙሐመድ፣ ሙሀመድ ተብሎ የተጻፈ ስም አንድ መዝገብ ቤት ውስጥ ታገኛላችሁ። ዓሊም አሊም አለ። ሠይድም ሰይድም። ለእኛ ያው ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሐ እና ሀ ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ኢንዴክሱ፣ ማለትም ዳታቤዙ ቶሎ ፈልጎ የሚያገኝበት ማውጫ፣ የቱንም ያህል ቢፈጥን "አልተገኘም" የሚለውን ነው በፍጥነት የሚያመጣው! መፍትሔው ሁለት ዓምድ ነው። አንዱ ላይ ስሙ እንደተጻፈ ይቀመጣል፤ ዳኛው የፈረሙበት ስለሆነ አትንኩት። ሁለተኛው ለፍለጋ ብቻ ነው፤ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ እና ዓ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይቀየሩበታል። መሐመድና ሙሐመድን ግን ይህ አያገናኛቸውም። ለእነሱ የአቻ ስሞች ዝርዝር መሥራት አለባችሁ፤ ዝርዝሩን ደግሞ ከመዝገብ ቤት ሠራተኞቹ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ፍለጋውን አስፉት፤ ሰው ግን አታዋህዱ። ስማቸው ስለተመሳሰለ ብቻ ሁለት ሰዎችን አንድ አድርጎ የሚያሳይ ፕሮግራም፣ የአንዱን የወንጀል ክስ በሌላው ላይ ይለጥፋል። የአባትና የአያት ስም፣ ቀበሌው፣ የመዝገቡ ዓመት ጎን ለጎን ይታይ። የሚለየው ሰው ይሁን።

ቀን ላይ ብዙ አላደክማችሁም። "05/13/2011" ተብሎ እንደ ጽሑፍ የተቀመጠ የጳጉሜ ቀን ለፈረንጅ ካላንደር ቅዠት ነው። ዋናው ዳታቤዝ ላይ በአንድ ወጥ የቀን ዓይነት አስቀምጡ፣ የኢትዮጵያውን ዓመትና ወር ደግሞ አስልታችሁ የንባብ ቴብሉ ላይ ጻፉ።

አሁን ወደምፈራው ልምጣ። የንባብ ቅጂ፣ ማለትም የንባብ ቴብሎቹ ያሉበት፣ ከዋናው ዳታቤዝ ትንሽ ወደኋላ ይቀራል። ለስታቲስቲክስ ግማሽ ሰዓት ቢዘገይ ማን ይሞታል? ቀጠሮ ግን ሌላ ነው። ችሎቱ ቀጠሮውን ቀይሮ መስኮቱ ላይ የድሮው ቀን ቢታይ፣ ሰውየው ከተንታ ተሳፍሮ በከንቱ ይመጣል። ሳይመጣ ከቀረ ደግሞ በሌለበት ሊታይበት ይችላል። ስለዚህ ቀጠሮን ከዋናው አንብቡ፤ ቢዘገይም ይዘግይ። የቆዩ ውሳኔዎችን፣ ዝርዝሮችንና ሪፖርቶችን ከቅጂው። በዝግ ችሎት የታየ ጉዳይ ወደ ቅጂው ሲሄድም ገደቡ አብሮት ይሂድ፤ ከፍለጋ ውጤት ሾልኮ የሚወጣ የሕፃን ስም ማንም መመለስ አይችልም።

"ሪፕሊካ (ዋናውን እየተከተለ የሚገለበጥ ቅጂ) ስላለን ባክአፕ (መጠባበቂያ) አለን" የሚሉም አሉ። የላቸውም። ዋናው ላይ በስህተት የተሰረዘ ቅጂውም ላይ ወዲያው ይሰረዛል። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ስንት ቢሮ እንደተዘረፈ የወሎ ልጆች ናችሁና አልነግራችሁም። ባክአፑ ከከተማው ውጭ ይቀመጥ፤ አልፎ አልፎም መልሳችሁ ጭናችሁ እዩት። የንባብ ቅጂው ግን ቢጠፋም አብሽሩ፤ ከዋናው እንደገና መገንባት የምትችሉት መሆን አለበት። ካልቻላችሁ ሁለት ዋና አላችሁ ማለት ነው፤ ሲጣሉ የትኛውን ታምናላችሁ?

የዳታቤዙን ስም አቆይቼው ነበር። አሁን ያላችሁ ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ከሆነ፣ ጥሩ ኢንዴክስና ማቴሪያላይዝድ ቪው (ውጤቱ አስቀድሞ ተሠርቶ የተቀመጠ ጥያቄ) ብቻ ብዙ ርቀት ያስኬዳችኋል። አዲስ ሰርቨር ከመግዛታችሁ በፊት እሱን ሞክሩ።

ማዛወሩን ክረምት ላይ አድርጉት፤ መደበኛ ችሎቶች ሲዘጉ አስቸኳይ ጉዳይ ብቻ ነው የሚቀረው። ድሮውና አዲሱ ጎን ለጎን ይሂዱ፣ በየቀኑም ጥቂት መዝገብ አውጥታችሁ ከወረቀት ፋይሉ ጋር አስተያዩ። የማይገጥም ስታገኙ ለብቻችሁ አታርሙት። ሬጅስትራሩ ወረቀቱን አይቶ ይወስን፣ ማን መቼ እንዳረመውም ይመዝገብ።