ሎጉ እኩለ ሌሊት ላይ ለምን ዝም ይላል?

ጥያቄ፦ በሊኑክስ ኮምፒውተሬ ላይ የሚሠራን ፕሮግራም ሎግ ፋይል (ፕሮግራሙ ሥራውን የሚመዘግብበትን ፋይል) የፋይል መጨረሻን በሚያሳየው «ቴይል» በሚባለው ትእዛዝ፣ አዲስ መስመር በተጨመረ ቁጥር ከሚያሳየው ከትንሹ «ኤፍ» አማራጭ ጋር፣ በተርሚናል እከታተላለሁ። ቀን ቀን መስመሮቹ ወዲያው ይታያሉ። ጠዋት ስመለስ ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ አንድም መስመር አላገኝም፤ ፕሮግራሙ ሥራውን አላቋረጠም። ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ ፕሮግራሙም ትእዛዙም ደኅና ናቸው፤ የተለወጠው ፋይሉ ነው። ሎግ እንዲሁ ከተተወ ዲስክ እስኪሞላ ስለሚያድግ፣ «ሎግሮቴት» የሚባለው መሣሪያ በየጊዜው የቆየውን ፋይል ስም ይለውጥና በቀድሞው ስም ባዶ ፋይል ይፈጥራል። ትንሹ ኤፍ የሚከተለው ስሙን ሳይሆን መጀመሪያ የከፈተውን ፋይል ነው። ስለዚህ ማንም የማይጽፍበት ፋይል ላይ አፍጥጦ ያድራል።

ለማረጋገጥ ፎልደሩን ይመልከቱ። በዚያው ስም ላይ ነጥብና 1 የተጨመረበት፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተጻፈበትም ሰዓት እኩለ ሌሊት አካባቢ የሆነ ፋይል ካለ ነገሩ ይኸው ነው። መፍትሔው አንድ ፊደል ነው፦ በትልቁ ኤፍ ይጠቀሙ። እሱ ስሙን ይከታተላል፤ ፋይሉ ሲተካ መተካቱን ያሳውቅዎትና በአዲሱ ይቀጥላል። ለሎግ ሥራ ትንሹን ኤፍ የምመርጥበት ምክንያት አይታየኝም።

ተቃራኒው ችግርም አለ፤ ያኛው ይከፋል። አንዳንድ ፕሮግራም ፋይሉን ዳግም እንዲከፍት ካልተነገረው፣ ስሙ በተለወጠው አሮጌ ፋይል ላይ መጻፉን ይቀጥላል። ያን ጊዜ ዝም የሚለው ትልቁ ኤፍ ነው፤ ትንሹ ግን መስመሮቹን ማሳየቱን አያቆምም። የእርስዎ መስኮት በትንሹ ኤፍ ዝም ማለቱ ፕሮግራሙ ወደ አዲሱ ፋይል መሻገሩን ይጠቁማል፤ ስለዚህ የሎግሮቴትን ቅንብር መነካካት አያስፈልግዎትም።

ስሕተቶችን ብቻ ለይተው ለማየት «ግሬፕ» የሚባለውን መስመር አጣሪ ትእዛዝ ቢጨምሩ ሌላ ዝምታ ሊገጥምዎት ይችላል። ግሬፕ ውጤቱን በቀጥታ ወደ ተርሚናል ሲልክ መስመር በመስመር ያወጣል። ወደ ሌላ ትእዛዝ ወይም ወደ ፋይል ሲልክ ግን ጥቂት ሺህ ባይት እስኪሞላ ያጠራቅማል፤ ሎጉ ቀስ ብሎ የሚሞላ ከሆነ ስሕተቱ ከተፈጠረ ከብዙ ደቂቃ በኋላ ሊያዩት ይችላሉ። «ላይን ባፈርድ» የሚባለው የግሬፕ አማራጭ ይህን ያስቀራል።

መስመሮቹ ለዓይን የሚፈጥኑ ከሆነ ደግሞ ፋይሉን «ሌስ» በሚባለው የጽሑፍ ማንበቢያ ትእዛዝ ይክፈቱና ትልቁን ኤፍ ይጫኑ። ኮንትሮልን ከሲ ጋር ሲጫኑ መከታተሉን ያቆማል፤ ወደ ኋላ ተመልሰው ማንበብና መፈለግ ይችላሉ። እንደገና ትልቁን ኤፍ ሲጫኑ ይቀጥላል። ሌስም በነባሪው የከፈተውን ፋይል እንጂ ስሙን ስለማይከተል፣ ሌሊቱን ክፍት የሚተዉት ከሆነ ሲያስጀምሩት «ፎሎው ኔም» የሚለውን አማራጭ ይጨምሩለት።