መልስ፦ የኢንቴል ፕሮሰሰር 8700ኬ ፍጥነቱ ወደ 5.0 ጊጋኸርዝ ከፍ ተደርጎ ጭነት ሲበዛበት ለምን ይዘጋል?

ወንድሜ፣ መልቲፕላየሩን (የፍጥነት ማባዣውን) 50፣ ቮልቱን 1.35 አድርገኸው የጭነት ፈተና ስትጀምር ሰማያዊ ስክሪን ካመጣ፣ ቮልት ለመጨመር አትቸኩል። መጀመሪያ ጭነት ላይ እያለ ቪኮሩን (ፕሮሰሰሩ የሚያገኘውን ቮልት) ኤችደብሊውኢንፎ በሚባለው የመለኪያ ፕሮግራም እየው። ወደ 1.26 ከወረደ መፍትሔው ሎድላይን ካሊብሬሽን (ጭነት ላይ ቮልቱ ብዙ እንዳይወርድ የሚያደርግ የማዘርቦርድ ማስተካከያ) ነው፤ አውቶ ላይ አትተወው፣ መካከለኛ ደረጃ ስጠው። የመጨረሻውን ኃይለኛ ደረጃ ግን ተወው። ጭነቱ ድንገት ሲለቅ ቮልቱ ካዘዝከው በላይ ይዘላል፣ ቺፕ የሚጎዳውም እንዲህ ያለው ነገር ነው። የደረጃውን ቁጥርም አትመን፤ ባንዱ ማዘርቦርድ 1 ደካማው ነው፣ በሌላው ኃይለኛው፣ ስለዚህ ባዮሱ (የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ላይ ያለውን ግራፍ ተመልከት።

ኤቪኤክስ (ፕሮሰሰሩን በጣም የሚያሞቅ ከባድ የስሌት ትእዛዝ) ኦፍሴቱን 2 አድርግ፤ በኤቪኤክስ ሥራ ጊዜ ብቻ ፍጥነቱ ወደ 4.8 ይወርዳል። የራም ስህተት የፕሮሰሰር እንዳይመስልህ ኤክስኤምፒን (የራሙን ፍጥነት ከፍ የሚያደርገውን ማስተካከያ) ለጊዜው አጥፋው።

የማቀዝቀዣው ውሃ 32 ዲግሪ ሆኖ ኮሮቹ 95 ደረሱ ላልከው፣ ፓምፑ እየሠራና ብሎኩ (ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀመጠው የውሃ ማቀዝቀዣ ክፍል) በደንብ ተጭኖ ከሆነ ሌላ ራዲያተር መጨመር ብዙም አይፈይድህም። የዚህ ቺፕ ክዳን ከሲሊከኑ ጋር የተያያዘው በብየዳ ሳይሆን በፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ነው፤ ሙቀቱ ውሃው ጋ ሳይደርስ እዚያው ይታፈናል። ክዳኑን ከፍቶ ሊኲድ ሜታል (ሙቀት አስተላላፊ ፈሳሽ ብረት) መቀባት ይቻላል፣ ግን ዋስትና ካለህ ይሰረዛል። እኔን ብትሰማኝ 4.9 ጊጋኸርዝ ላይ ረግተህ ቮልቱን በ0.01 በ0.01 እየቀነስክ፣ ፈተናውን ሳይወድቅ የሚያልፍበትን ዝቅተኛ ቁጥር ፈልግ።