ኮሮና አለፈ፣ ጭንቀቱ ግን አልወጣልንም፦ የጤና ባለሙያዎች ጥያቄና መልስ

አስተባባሪ፦ እንደምን አመሻችሁ። የዛሬው እንግዳችን የሥነ አእምሮ ሐኪም የሆኑት አባላችን ናቸው። በ2012 እና በ2013 ለይቶ ማከሚያ ውስጥ ይሠሩ ለነበሩ ባልደረቦቻችን ድጋፍ ሲሰጡ ቆይተዋል። ሙያችሁንና ከተማችሁን ብቻ ጻፉ። ስም አያስፈልግም።

መላሽ፦ ሰላም ወገኖቼ። ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር ልበል። ራሱን የማጥፋት ሐሳብ የመጣበት ሰው የእኔን መልስ እዚህ አይጠብቅ። አሁኑኑ አጠገቡ ላለ ሰው ይንገር፣ ዛሬ ብቻውን አይደር፣ ቅርብ ወዳለው ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። ሁለተኛው፦ ከዋርድ መድኃኒት አውጥታችሁ ለራሳችሁ አትዋጡ። ይህን ማታውን ሙሉ እደጋግመዋለሁ።

ነርስ፣ ጅማ፦ ዶክተር፣ ኮሮና ካለፈ ስንት ጊዜው። እኔ ግን እስከ ዛሬ የፐልስ ኦክሲሜትር፣ የደም ኦክስጅን መለኪያውን፣ ድምፅ ስሰማ እጄን ያልበኛል። ቤት ማይክሮዌቩ ጢጥ ሲል እንኳ ብድግ እላለሁ። ያኔ ሳላለቅስ ያለፍኩት አሁን ምን ሆኜ ነው?

መላሽ፦ እህቴ፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ያኔ ያ ድምፅ ሲጮህ ሰው እየሞተብሽ ነበር። ሰውነትሽ ድምፁንና ሞቱን አንድ ላይ ያዛቸው። ከአንድ ወር በላይ የቆየ ድንጋጤ፣ ቅዠት፣ ያንን ዋርድ ላለማየት መንገድ መቀየር፣ እነዚህ ተደምረው ከመጡ ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣው የጭንቀት ሕመም ሊሆን ይችላል። ይህ ሕመም ይታከማል። ዓመታት አልፈውም ይታከማል። ከሠለጠነ ሰው ጋር ትዝታውን ቀስ በቀስ መጋፈጥ ነው ዋናው ሕክምና። ድምፁን መሸሽ ለጊዜው ያሳርፍሻል፣ ፍርሃቱን ግን ያቆየዋል።

ብቻሽን አይደለሽም። ሳርስ የተባለው የመተንፈሻ አካል ወረርሽኝ በ2003 እ.ኤ.አ. የካናዳዋን ቶሮንቶ መታ። ተመራማሪዎች ከ13 እስከ 26 ወር ቆይተው የሆስፒታል ሠራተኞቹን ጠየቁ። የሳርስ በሽተኛ ካላከሙት የሃሚልተን ከተማ ባልደረቦቻቸው ጋር ሲያነጻጽሯቸው፣ በቶሮንቶዎቹ ላይ ጭንቀቱም የሥራ መዛሉም ገና ከፍ ብሎ ተገኘ። በሽታው ከከተማው ከወጣ በኋላ ማለት ነው። ጭንቀታቸው ዝቅ ያለው ደግሞ በቂ ሥልጠናና ድጋፍ አግኝተናል ያሉት ነበሩ። ይህን ለአለቆቻችሁ ንገሯቸው።

የላብራቶሪ ባለሙያ፣ አዳማ፦ ዶክተር ደህና አይደለሁም። ምን ይሻለኛል?

መላሽ፦ ወንድሜ፣ በዚህ ብቻ ምንም ልልህ አልችልም። እንቅልፍ ነው? ምግብ ነው? ከመቼ ጀምሮ? ሥራ ትሄዳለህ? ጻፍልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ጤና መኮንን፣ ደብረ ማርቆስ፦ ይቅርታ አድርጉልኝና እኛ አገር ሎክዳውን ነበር እንዴ? ታክሲው ይሄዳል፣ ገበያው ይቆማል። የፈረንጅ ጭንቀት እየተዋስን አይመስላችሁም?

ነርስ፣ አዲስ አበባ፦ አንተ ገበያ ስትወጣ እኔ ለይቶ ማከሚያ ውስጥ ነበርኩ። ልጄን በቪዲዮ ነው ያየሁት። ስወጣ አከራዬ በር ላይ ቆማ ዕቃሽን አውጪ አለችኝ።

ጤና መኮንን፣ ደብረ ማርቆስ፦ አንቺን አላልኩም እህቴ። ሕዝቡን ነው።

ነርስ፣ አዲስ አበባ፦ ጥያቄው ስለ ጤና ባለሙያ ነው። ሕዝቡን ምን አመጣው?

ፋርማሲስት፣ ደሴ፦ እኛ ጋ ኮሮናው ሳያበቃ ጦርነቱ መጣ። የትኛው ጭንቀት ከየትኛው እንደመጣ መለየት እንኳ አቅቶናል።

መላሽ፦ ተረጋጉ። የመጀመሪያው በሽተኛ አገራችን ውስጥ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። መጋቢት 30 የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ስብሰባ ተከለከለ። እንደ ዉሃን 76 ቀን ቤት ተዘግቶብን ግን አልቆየንም። እዚህ ላይ መኮንኑ ልክ ነው።

የኮሮና ማከሚያ በነበሩት በኤካ ኮተቤና በሚሊኒየም አዳራሽ የሠራውን ሰው ጠይቁት እስቲ። ሥራ፣ ማደሪያ፣ ለይቶ ማቆያ፣ እንደገና ሥራ። ከተማው ክፍት ሆኖ ለእሱ ብቻ ተዘጋ። ወጥቶም ጎረቤት ሸሸው። ይህ ከሙሉ መዘጋት የባሰ የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው ቤቱ ሲቀመጥ ቢያንስ የመገለል ስሜት የለም።

የፈረንጅ ጭንቀት ለተባለው ደግሞ፦ በጥር 2012 ቻይና ውስጥ በ34 ሆስፒታሎች 1,257 የጤና ባለሙያዎች ተጠይቀው ነበር። ግማሾቹ የድባቴ ምልክት ነበራቸው። 34 በመቶዎቹ እንቅልፍ አጥተዋል። ከአሥሩ ሰባቱ የሰቀቀን ምልክት ነበራቸው። ይበልጥ የተጎዱት ነርሶች፣ ሴቶችና በሽተኛውን በቀጥታ የያዙት ናቸው። ቻይናዊቷ ነርስ ፈረንጅ አይደለችም።

ደሴ ላይ ያለኸው ወንድሜ፣ ለሕክምናው መለየት አይጠበቅብህም። የሚያስቸግርህ ትዝታ የቱ እንደሆነ ብቻ ይበቃል። ከእሱ ይጀመራል።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ ሐዋሳ፦ ያኔ ሬዚደንት፣ ስፔሻሊስት ለመሆን የምማር ሐኪም፣ ነበርኩ። አንድ ሌሊት አንድ የኦክስጅን ሲሊንደር ቀርቶን ሁለት ሰው ነበረን። ለወጣቱ ሰጠነው። ሽማግሌው እስከ አሁን ከዐይኔ አልጠፉም። መድኃኒት አለው?

መላሽ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ብዙ ጊዜ ያኔ ስለ ፍርሃት ብቻ አወራን። ፍርሃት ያልፋል። የማያልፈው ይህ ነው፣ የኅሊና ቁስል። ማድረግ የሚገባውን የሚያውቅ ሰው ማድረግ እንዳይችል ሲደረግ የሚቆስለው ቁስል። ምልክቱም ይለያል። ድንጋጤ ሳይሆን ጥፋተኝነት ነው፣ ኀፍረት ነው፣ በአለቃና በመሥሪያ ቤት ላይ የሚነድ ቁጣ ነው። ብዙ ጎበዝ ሐኪሞች ሙያውን ጥለው የወጡት በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለአንተ፦ የጌጁ ቀስት ወደ ዜሮ ሲወርድ ያየኸው አንተ ነህ፣ ኦክስጅኑን ያሳጠረው ግን አንተ አይደለህም። ይህን ብነግርህም ዛሬ እንደማይበርድልህ አውቃለሁ። "ጥፋት የለብህም" የሚል ምክር ብቻውን አይሠራም፣ ምክንያቱም አንተ ስታወራ ሌላው እያቋረጠህ ነው። የሚሠራው ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ማን ምን እንዳለ፣ ምን አማራጭ እንደነበረ፣ ቦታውን ለሚያውቅ ሰው መንገር ነው። የዚያን ሌሊት ተረኛ የነበረችው ነርስም አንተን ይዞህ የቀረው እሷንም ይዟት ይሆናል። አግኛት። አማኝ ከሆንክ ለንስሐ አባትህ መንገር የሚያሳርፈው ሰው ብዙ ነው። መድኃኒት ጥፋተኝነትን አያወጣም፣ ድባቴ ከተደረበበት ግን ድባቴውን ያክማል።

አንድ ነገር ለሁላችሁ። ኦክስጅን ለማን ይሰጥ የሚለው ውሳኔ አልጋ አጠገብ የቆመ የአንድ ሬዚደንት መሆን የለበትም። መስፈርቱ አስቀድሞ ይጻፋል። በሽተኛውን የማያክሙ ሁለት ሦስት ከፍተኛ ባለሙያዎች ይወስናሉ። አልጋው ጋ ያለው ያክማል። እንዲህ ሲሆን ሕመሙ ለብዙ ሰው ይከፋፈላል።

አዋላጅ፣ ጎንደር፦ ንስሐውንም ጸበሉንም ካሉ መድኃኒቱ ምን ያደርጋል? እኔ በጸበል ነው የዳንኩት።

ራዲዮግራፈር፣ ሐረር፦ እኛም ዱዓ አለን፣ ግን ወንድሜ መድኃኒት አቋርጦ ምን እንደደረሰበት ቤተሰባችን ያውቃል።

አዋላጅ፣ ጎንደር፦ እምነት የሌለው ነው የሚያቋርጠው...

መላሽ፦ ጸበልም ዱዓም አልከለክልም። የጀመራችሁትን መድኃኒት ግን ሐኪም ሳይነግራችሁ አታቋርጡ። በዚህ ከዚህ በላይ አልከራከርም።

ነርስ፣ ወልቂጤ፦ የሌሊት ተረኛ ስሆን ቀን እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ዳያዜፓም ግማሽ እየወሰድኩ ነው። ችግር አለው?

መላሽ፦ አለው። መጀመሪያ ምን ብዬ ነበር? ዳያዜፓም ለጥቂት ሳምንት ያስተኛል፣ ከዚያ ሱስ ይሆናል። ከአልኮል ጋር ደግሞ ትንፋሽ ያቆማል። ለረጅም ጊዜ ወስደሽ ከሆነ በአንድ ቀን አታቁሚ፣ ሐኪም ቀስ አድርጎ ይቀንስልሽ። ከሌሊት ሥራ ስትወጪ ፀሐይ ዐይንሽን እንዳይመታው መነጽር አድርጊ፣ ክፍሉን አጨልሚ፣ ስልኩን አጥፊ። ቡና ከተረኝነትሽ የመጀመሪያ ግማሽ በኋላ ይቁም። ሌሊቱን ለመግፋት ጫት የምትቅሙ ካላችሁ እንቅልፋችሁን የሚሰርቀው እሱ ነው። ተኝታችሁ እንቅልፍ ካልመጣ ለሃያ ደቂቃ ያህል ቆዩና ተነሡ። አልጋ ላይ እየተገላበጡ መቆየት አልጋውን የጭንቀት ቦታ ያደርገዋል።

ማትሮን (የነርሶች ኃላፊ)፣ ድሬዳዋ፦ ዶክተር፣ ሆስፒታላችን ለሠራተኛው የግማሽ ቀን ፕሮግራም አስቧል። ሁሉም አዳራሽ ገብቶ የገጠመውን እየተነሣ እንዲናገር። እንዴት እናዘጋጀው?

መላሽ፦ ሲስተር፣ በእግዚአብሔር ይዣችኋለሁ፣ አታድርጉት። በዚህ ጉዳይ ረጅም ነኝ፣ ታገሡኝ።

ሰውን ሰብስቦም ሆነ ነጥሎ በአንድ ጊዜ የሆነውን ሁሉ አውጣ ማለት ዓለም ላይ ተሞክሯል። በ1997 እ.ኤ.አ. ብሪታንያ ውስጥ ቃጠሎ በደረሰባቸው ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት አለ። ከ13 ወር በኋላ ሲታዩ፣ እንዲህ ያለ አንድ ጊዜ ንግግር ከተደረገላቸው 26 በመቶው ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣው የጭንቀት ሕመም ይዟቸው ነበር። ካልተደረገላቸው 9 በመቶው ብቻ። የዓለም ጤና ድርጅትም አይመክረውም። ቁስሉ ይከፈታል፣ የሚዘጋው ሰው የለም፣ አዳራሹ ይበተናል። ባልደረባዋ ያለቀሰችበትን ታሪክ የሰማችው ጽዳት ሠራተኛ ደግሞ ማታ እሱን ይዛ ትተኛለች።

በጀት ካላችሁ በዚህ አውጡት። የተረኞች ማረፊያ ክፍል በር ከውስጥ የሚቆለፍ ይሁን፣ ፍራሽ ይግባ። ሌሊት ትኩስ ምግብ ይኑር። የፈረቃ ፕሮግራም ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ይለጠፍ። አዲሷን ነርስ ከነባሯ ጋር አጣምሩ። ከየዋርዱ ሁለት ሰው መርጣችሁ የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ አሠልጥኑ፣ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት ነው። መናገር የፈለገ ይናገራል፣ ያልፈለገ ዝም ይላል። ዝምታውም ይከበርለት። ጓንትና ማስክ በሌለበት ዋርድ የሥነ ልቦና ሥልጠና መስጠት ሠራተኛውን ያስቆጣል እንጂ አያጽናናውም።

ጠቅላላ ሐኪም፣ ነቀምቴ፦ የተጋላጭነት አበላችን ሳይከፈል የቀረብንስ? ይህም ጭንቀት አይደለም?

መላሽ፦ ነው። መብታችሁ ነው፣ ጠይቁ። እኔ ግን የማውቀው ሕክምናውን ነው።

ነርስ፣ ሜሪላንድ (አሜሪካ)፦ እኔ በ2020 እ.ኤ.አ. አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነበርኩ። አንድ ኮሪደር ሙሉ አለቀብን። ሐኪም ጋ ብሄድ ላይሰንሴን ይነጥቁኛል ብዬ እስከ ዛሬ አልሄድኩም።

መላሽ፦ ይህ ፍርሃት እዚያ ያሉ ብዙ ባልደረቦቻችንን ከሕክምና አርቋቸዋል። የኒውዮርኳ የድንገተኛ ክፍል ሐኪም ሎርና ብሪን በኤፕሪል 2020 እ.ኤ.አ. ሕይወቷ በራሷ እጅ ሲያልፍ፣ ቤተሰቧ ፈቃዴን አጣለሁ ብላ ትፈራ እንደነበር በአደባባይ ተናገሩ። በስሟ የወጣው የጤና ባለሙያዎች ሕግ በማርች 2022 ተፈርሟል። የሙያ ፈቃድ ማመልከቻ ቅጹ በየክፍለ ግዛቱ ይለያያል። ብዙዎቹ አሁን የሚጠይቁት ሥራሽን የሚያውክ ሕመም አሁን አለብሽ ወይ እንጂ መቼም ታክመሽ ታውቂያለሽ ወይ አይደለም። የራስሽን ቅጽ አውጥተሽ አንብቢ፣ ከዚያ ቀጠሮ ያዢ። ነገ።

የላብራቶሪ ባለሙያ፣ አዳማ፦ ተመልሻለሁ ዶክተር። እንቅልፍ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይቋረጥብኛል። ኳስ ማየት ትቻለሁ። ሥራ እሄዳለሁ፣ ናሙና ላይ ስም እየተሳሳትኩ ነው። ሁለት ወር ሆነኝ።

መላሽ፦ አሁን ተግባባን። ይህ የድባቴ መልክ አለው። ፒኤችኪው ዘጠኝ የሚባለውን የድባቴ መለኪያ ቅጽ በአማርኛ ሙላ፣ ዘጠኝ ጥያቄ ነው፣ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል። 10 እና ከዚያ በላይ ከመጣ ሥነ አእምሮ ክፍል ተመዝገብ። ራስን ስለ መጉዳትና ስለ ሞት ሐሳብ የሚጠይቀውን የመጨረሻውን ጥያቄ በደንብ አንብብ፤ ዜሮ ካልሆነ ድምሩን ሳትጠብቅ ዛሬውኑ ሂድ። የናሙናውን ስህተት ደግሞ ለሃላፊህ ንገር፣ ሁለተኛ ሰው ያመሳክርልህ። ሳትታከም ብቻህን አትሸከመው።

ድራጊስት፣ ሻሸመኔ፦ ዶክተር፣ ለእንቅልፍ ዳያዜፓም እንዴት ነው?

መላሽ፦ ወገኔ፣ ከላይ አንብብ። ሦስተኛ ጊዜ አልጽፈውም።

ነርስ፣ ጂንካ፦ እኛ ጋ ኅዳር 2018 የማርበርግ ቫይረስ በሽታ ሲረጋገጥ ያ ሁሉ ፍርሃት ተመልሶ መጣ። ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ በመጀመሪያው ሳምንት ለሠራተኛው ምን ይደረግ?

መላሽ፦ በዚያ ሳምንት ማንም የምክር አገልግሎት አይፈልግም። መከላከያ ልብሱ ስንት እንደቀረ በየቀኑ በግልጽ ይነገራቸው፣ ትንሽም ቢሆን። ልብሱን መልበስና ማውለቅ በጥንድ ይለማመዱት። የሚገቡትን ሰዎች በፈቃደኝነት ምረጡ፣ ነፍሰ ጡሯንና ሕፃን የምታጠባዋን አታስገቡ። ቤተሰባቸው ጋ በቀን አንድ ጊዜ የሚደውል ሰው መድቡ። የቀበሌውን ሰዎችና የሃይማኖት አባቶችን ቀድማችሁ አነጋግሩ፣ ነርሷ ስትመለስ አከራይዋ በር እንዳይዘጋባት። ከወጡ በኋላ ደግሞ በአንድ ወር፣ በሦስት ወርና በስድስት ወር ስማቸውን ይዛችሁ ደውሉላቸው።