ውሃው ላይ የተጋደመው እጭ

ሰሞኑን አንዲት የአካባቢ ጤና ተማሪ «ዝናብ ጠብ ሳይል ወባ ከየት መጣ?» ብላ ጠየቀች። እኛ የድሬዳዋ የጤና ባለሙያዎች ራሳችንን ልንጠይቀው ሲገባን ለዓመታት ያለፍነው ጥያቄ ነው። ቁጭቱ ስላልለቀቀኝ ይህን ለእናንተ ለድሬ ልጆች እጽፋለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የተማርነው ወባ የገጠር፣ የረግረግና የክረምት ማግስት በሽታ መሆኑን ነው። መስከረም ሲጠባ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ የቀረውን ኩሬ ማስደፈን፣ ታኅሣሥ ሲገባ እፎይ ማለት። በ2013 ደንጊ የተባለው ሌላ ትንኝ የሚያመጣው ትኩሳት ከተማዋን ሲመታ በርሜል ከፍተን ማየት ጀመርን፤ በ2019 በዚያችው ትንኝ የሚተላለፈው ቺኩንጉንያ ሲመጣም እንዲሁ። ግን ፍለጋው ለደንጊዋ ትንኝ እጭ ብቻ ነበር፤ ጅራቱን ወደ ላይ አድርጎ ተዘቅዝቆ ለሚንጠለጠለው። የወባ ትንኝ እጭ መተንፈሻ ቱቦ ስለሌለው ከውሃው ፊት ጋር ተጋድሞ ነው የሚተኛው። እሱ በርሜል ውስጥ ይኖራል ብሎ የጠበቀ አልነበረም።

በርሜልን በመሰለ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትራባ፣ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል የእስያ የወባ ትንኝ ግን በ2012 ጅቡቲ ላይ፣ በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪደሃር ላይ ተገኝታ ነበር። ጅቡቲና ድሬዳዋ በባቡርና በጭነት መኪና ስንት ዘመን እንደተሳሰሩ ለድሬ ሰው አይነገርም። በ2019 በከተማዋ የተመዘገበው የወባ ሕመምተኛ 205 ነበር፤ በ2022 ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ብቻ ከ2,400 አለፈ። ተመራማሪዎች የወባ ታማሚዎችን ቤተሰብና ጎረቤት፣ ትኩሳት ኖሯቸው ወባ ካልተገኘባቸው ሰዎች አካባቢ ጋር አነጻጸሩ። ወባው በታማሚዎቹ ዙሪያ ተሰብስቦ ተገኘ፤ ትንኟ በቤታቸው አቅራቢያ ካለች ደግሞ በጣም ይብሳል። ትንኟ ራሷም የወባውን ተሕዋሲ ተሸክማ ተያዘች። ውጤቱ በ2023 በኔቸር ሜዲሲን መጽሔት ወጥቷል። እዚያው ጥናት ውስጥ፣ ክሊኒክ የምትሠሩ እንዳትዘነጉት የምለው ነገር አለ፦ ከተሕዋሲዎቹ አንዳንዶቹ ፈጣኑ መመርመሪያ የሚይዘውን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረመል ጎድሏቸዋል። መመርመሪያው «የለም» ብሎ ትኩሳቱ ካልለቀቀ፣ የደም ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ሳታዩ ሰውየውን ወደ ቤቱ አትመልሱት።

አሁን ወደ በርሜሉ። ባትሪና ነጭ ጭልፋ ያዙ። ጥላችሁ ውሃው ላይ እንዳያርፍ ከፀሐዩ ፊት ለፊት ቅረቡ፤ ጥላ ካረፈበት እጩ ወዲያው ወደ ታች ይሰምጣል። ክዳኑን ስታነሱ በርሜሉን አታንኳኩ። ከሰመጡ ሁለት ሦስት ደቂቃ ታገሡ፤ አየር ለመውሰድ ይመለሳሉ። ጭልፋውን በ45 ዲግሪ ያህል አዘንብላችሁ በጠርዙ በኩል ቅዱ፤ መሐሉን አትቅዱ፤ እጮቹ ግድግዳውን ተጠግተው ነው የሚውሉት። ብዙ ወጣት ባለሙያ ክዳን ገልጦ፣ በስልኩ ፎቶ አንስቶ፣ «ንጹሕ ነው» ብሎ ፎርሙን ይሞላል። ጎንበስ ማለት የተናቀ ይመስላል፤ ያሳዝነኛል።

በርሜል ብቻ አይደለም። ሕንፃ በሚሠራበት ቦታ ኮንክሪት ለማጠጣት የሚቆፈረውን ላስቲክ የለበሰ ጉድጓድ፣ የግቢውን የሲሚንቶ ገንዳ፣ የፍየል በረቱን ጥግ እዩ። ትንኟ የእንስሳ ደምም ስለምትወድ ጠግባ በረት ውስጥ ታርፋለች። ሮቶ ላይ ዋናው ክዳን ተጠብቆ የትርፍ ውሃ ማስወጫው ቱቦ ክፍት ይቀራል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ቀዳዳው ከ1.5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ወንፊት በሽቦ እሰሩበት። በርሜል ላይ ቆርቆሮ አድርጎ ድንጋይ መጫን አያድንም፤ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ለትንኝ በር ነው። ጨርቅ ከሆነ በላስቲክ ተወጥሮ ይታሰር፤ ረግቦ ውሃ ከነካ መሐሉ ላይ ኩሬ ይሠራል።

በየሰባት ቀኑ አንዴ ውሃው አልቆ በርሜሉ ይታጠብ። በድሬ ሙቀት እጩ ትንኝ ለመሆን ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ቢበቃው ነው። መለቅለቅ ብቻውን አይበቃም፣ በብሩሽ ይፈተግ፤ የደንጊዋ ትንኝ እንቁላሏን ከውሃው ከፍ አድርጋ ግድግዳው ላይ ስለምታጣብቅ ለወራት ደርቆ ይቆያል። እጣቢውን ደረቅ መሬት ላይ ድፉት እንጂ ወደ ቦይ አትልቀቁት።

ለኬሚካል አትቸኩሉ የምል ሰው ነኝ። ግን ቧንቧ በሳምንት አንዴ የሚመጣበት ሰፈር ያለች እናት ሙሉ ገንዳ ውሃ ድፊ ልትባል አይገባም። ለእንዲህ ያለው ቴሜፎስ የሚባል እጭ ገዳይ ኬሚካል አለ፤ በንግድ ስሙ «አቤት» (Abate) ይሉታል። የ1 በመቶ ጥራጥሬው ልክ ይህ ነው፦ ለ10 ሊትር 1 ግራም፣ ለ200 ሊትር በርሜል 20 ግራም። ልኩ የሚወሰደው በርሜሉ ሲሞላ በሚይዘው ነው፤ ዛሬ ባለው ውሃ አታስሉት። በጭብጥ የበተናችሁ እንደሆነ ውሃው ይሸታል፣ ባለቤቷም ከነኬሚካሉ ትደፋዋለች።

ጭልፋው ላይ ጭንቅላቱ ትልቅ፣ ጅራቱ የታጠፈ፣ የሚገለባበጥ ነገር ከወጣ ፑፓ ነው፤ እጩ ትንኝ ከመሆኑ በፊት ያለው የመጨረሻ ደረጃ። ፑፓ ስለማይበላ እጭ ሲበላቸው የሚገድሉት፣ ውሃ ውስጥ የሚጨመሩ ባክቴሪያዎች አይነኩትም፤ በሁለት ቀን ገደማ ክንፍ ያወጣል። በርሜል ከሆነ ያኔውኑ ድፉት፤ የማይደፋ ገንዳ ከሆነ በወንፊት አጥልላችሁ አውጡና አፉን እዚያው ቆማችሁ አስከድኑ።