ካርዱ ላይ የጻፍኳት ቃል

ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ሥር ሻይ እየጠጣሁ ሳለ አንድ የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ። ተከራይቶ በሚኖርበት ግቢ ጎረቤቱ ሚስቱን ሌሊት ሌሊት ይመታታል። «ጋሼ፣ እየሰማሁ ነው የምተኛው። ግን የሰው ትዳር ነው፣ እኔ ምን አገባኝ አቦ?» አለኝ። ሻዬን ሳልጨርስ ሰበብ ፈጥሬ ተነሣሁ። አሁን ልመልስለት።

«ሴት አትምቱ» እያልኩ አላሰለቻችሁም። ይህን እስካሁን ያልሰማ ካለ የእኔ ደብዳቤ አያድነውም። የምጽፈው በግድግዳ ማዶ ለሚሰማው ነው።

ሠላሳ አራት ዓመት ነርስ ነበርኩ፤ አብዛኛውን ድሬዳዋ፣ ድንገተኛ ክፍል። ነገሩ የሆነው በ1985 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ነው። የግንቦትን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ያኔ ሰው አልጋውን ግቢ አውጥቶ ነበር የሚተኛው። የማን ልጅ እንደሚያስል፣ ማን እንደሚያንኮራፋ እናውቅ ነበር፤ የባቡሩ ፊሽካ እንኳ ጆሯችን ሥር ያለ ይመስል ነበር። (ያንን ፊሽካ ዛሬም አንዳንድ ሌሊት እሰማዋለሁ፤ ባለቤቴ እያረጀህ ነው ትለኛለች።) የጓደኛዬ ሚስት ስትጮህም እንሰማለን። አንዱ ይገላበጣል፤ አንዱ ያስላል። ጠዋት ሁላችንም «እንዴት አደርሽ» እንላታለን።

አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኜ ሳለ ግራ ክንዷን በነጠላ ጠቅልላ መጣች። ከደረጃ ወደቅሁ አለች። ግቢያችን ደረጃ የለውም። ይህን እሷም እኔም እናውቃለን።

ራጁን አየሁት። ሰው ወድቆ እጁን መሬት ላይ ሲያሳርፍ ብዙውን ጊዜ የሚሰበረው አንጓው አካባቢ ነው። የእሷ ግን በክርንና በአንጓ መካከል፣ በትንሿ ጣት በኩል ያለው አጥንት ነበር። ዱላ ሲመጣበት ክንዱን አንስቶ ራሱን የከለለ ሰው እንዲህ ይሰበራል። ጀማሪ ነርስም ይህን አይስተውም። ብዕሬን አነሣሁና ካርዱ ላይ፣ እንደ ልማዳችን በእንግሊዝኛ፣ «ፎል ዳውን» ብዬ ጻፍኩ። ወደቀች። ያለችውን ነው የጻፍኩት፤ ግን ያየሁትን አልጻፍኩም። ሐኪሙ ብዙ ሰው ይጠብቀው ነበር፤ ጀሶ አስደርጎ ሸኛት።

በማግስቱ በርጫ ላይ ባልየው ከጫቱ የተሻለውን መርጦ ፊቴ አስቀመጠልኝ። ምንም አላለም። እኔም ቃምኩ።

በዓመቱ ፍቺ ጠየቀች። በዚያን ጊዜ የፍቺ ጉዳይ መጀመሪያ የሚታየው በቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበር፤ እኔ ደግሞ የሠርጋቸው እማኝ ስለነበርኩ ከባል ወገን ተቀመጥኩ። መመታቷን ተናገረች። ማስረጃ ሲሏት ካርዱን አወጣች። እንግሊዝኛ ስለሆነ «አንተ ባለሙያው ነህ፣ አንብብልን» ብለው ሰጡኝ። የራሴ የእጅ ጽሕፈት ነው። አየችኝ። «ወደቀች ይላል» አልኩ።

ታርቃ ገባች ተባለ። በመጨረሻ ከዚያ ቤት የወጣችው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው።

ሕጉም ለእኛ ለወንዶች ያደላ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ ያደርገው ነበር። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ያንን አስቀረ፤ የፌዴራል ሕግ ስለሆነም ድሬዳዋ ላይ በቀጥታ ይሠራል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ለይቶ ጠራው። ነገር ግን ሕግ ቢወጣም ካርድ የሚጽፈው ሰው ነው። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ትዳር ካዩ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች 34 በመቶው ከባል ወይም ከአጋር ጥቃት ደርሶብናል እንዳሉ አስፍሯል። ሚስት የምትመታበት ምክንያት አለ ብለው ያመኑት ከሴቶቹ 63 በመቶ፣ ከወንዶቹ 28 በመቶ ናቸው። የወንዶቹን ቁጥር አላምነውም። መጠይቅ ሲመጣ ጨዋ የማይሆን ወንድ የለም። ይልቅ ከዚያ ጥናት ውስጥ የቆረቆረኝ ሌላ ነው፤ ርዳታ የጠየቁት ሴቶች ጥቂት ናቸው፤ እነሱም ከፖሊስ ይልቅ የሄዱት ወደ ዘመድና ወደ ጎረቤት ነው። ወደ እንደኔ ዓይነቱ ማለት ነው።

እናንተ የዛሬ ወጣቶች ከእኛ ትሻላላችሁ፤ ቢያንስ ትጠይቃላችሁ። ግን ጠብ ስታዩ መጀመሪያ የሚወጣው ስልካችሁ ነው። የሰው ገመና ቀርጾ መላላክ ያናድደኛል። ኋላ ደግሞ አስባለሁ፤ ያኔ አንድ ሰው ድምፁን እንኳ ቀርጾ ቢሆን የእኔን ትርጉም ማን ይሰማው ነበር? እንግዲህ አላውቅም፤ ቅረጹ፣ ግን ለፖሊስና ለእሷ ብቻ ስጡ።

አንተ የባጃጁ ልጅ፣ ሌሊት ስትሰማ በሩን አንኳኳ። ጨው አበድሩኝ በል፣ የፈለግከውን በል፣ ብቻ ሰው እንደሰማ ይወቅ። ብቻህን አትሂድ፤ የግቢውን ሰው ቀስቅስ፤ ፖሊስ ጥራ። ጠዋት ደግሞ እሱ በሌለበት እሷን ምን እንደምትፈልግ ጠይቃት፤ እኛ አንድም ቀን አልጠየቅናትም። ነርስ የምትሆኑ ልጆች ካላችሁ፣ ያለችውንም ያያችሁትንም ለየብቻ ጻፉ።

እሷ አሁን ቀፊራ ገበያ ሎሚና ቲማቲም ትሸጣለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከእሷ ነው የምገዛው። የልጆቼን ደኅንነት ትጠይቀኛለች፤ ስለ ካርዱ አንስታብኝ አታውቅም። ገንዘቡን ስሰጣት በአክብሮት ሁለት እጇን ዘርግታ ትቀበለኛለች፤ የግራ መዳፏ ግን ሙሉ በሙሉ አይገለበጥም።