ያገለገለ ጊታርዎን ብሪጅና ፒክአፕ ከመቀየርዎ በፊት

ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። አዳማ ውስጥ ያገለገለ ስኳየር ስትራቶካስተር (በፌንደር ኩባንያ ርካሽ የምርት ስም የሚሸጥ ኤሌክትሪክ ጊታር) ገዝተዋል፤ ፒክአፑን (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን)፣ ብሪጁን (ክሮቹ በአካሉ ላይ የሚያርፉበትን ብረት) እና የክር መወጠሪያ ቁልፎቹን ቀይረው የአይቤክስና የሮሃ ባንዶች ጊታሪስት የነበረውን የሰላም ስዩምን ዓይነት ንጹሕ ድምፅ ማግኘት ይፈልጋሉ፤ «ገንዘቤን በየትኛው ልጀምር?» ብለውም ጠይቀዋል። ከእኔ በፊት የመለሱት አባላት የትኛው ፒክአፕ ይሻላል በሚለው ተከራክረው ሳይስማሙ ቀርተዋል። እኔ እዚሁ አዳማ፣ በዚያው ዓይነት ጊታር ላይ ይህንኑ ሥራ ከሦስት ዓመት በፊት ስለሠራሁና ግማሹን ስላበላሸሁት፣ ምክሬ ከእነርሱ ይለያል፤ በመጀመሪያ አንድ የብረት ማስመሪያ ይግዙ።

ክር መቀየርና መቃኘት እንደማያቅትዎ ስለማምን ወደዚያ አልገባም። የቀረውን በቁጥር ላስቀምጥልዎ።

1. የጊታሩን አካል ውፍረት ይለኩ። የአሜሪካው ስትራቶካስተር አካል 45 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። አፊኒቲ ከሚባሉት የቀድሞዎቹ ስኳየሮች አንዱ የሆነው የእኔ ጊታር ግን 40 ሚሊሜትር ብቻ ነበር። በፎቶው እንዳየሁት የእርስዎም ከዚያው ወገን ይመስላል። አምስት ሚሊሜትር ምን ያመጣል እንዳይሉ፤ እኔ እንዲያውም እንደዚያ ለማለት እንኳ አልደረስኩም፣ ምክንያቱም ጨርሶ አልለካሁም።

2. ከብሪጁ የመጀመሪያ ብሎን መካከል እስከ ስድስተኛው ብሎን መካከል ያለውን ርቀት ይለኩ። በድሮው የፌንደር ልክ የተሠራ ባለ ስድስት ብሎን ብሪጅ 56 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን፣ በእስያ በሜትሪክ ልክ የሚሠሩት ግን ብዙውን ጊዜ 52.5 ናቸው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ዛሬ እንደ ስልክ ቁጥሬ በቃሌ እወጣቸዋለሁ፤ የተማርኳቸው ግን እንደሚከተለው ነው።

አሜሪካ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ሲመጣ «ምን ላምጣልህ?» ብሎ በስልክ ጠየቀኝ። ጫማም ልብስም እንደማልፈልግ ነግሬ፣ ስሙን ፊደል በፊደል አስጽፌ፣ ለአሜሪካው ስትራቶካስተር የሚሆን ብሪጅ አስመጣሁ። ዕቃው በእጅ ሲያዝ ያኮራል። የእኔው አሮጌ ብሪጅ ከሥሩ ያለው ብሎክ (ወደ ጊታሩ አካል ውስጥ የሚገባው ብረት) 36 ሚሊሜትር የሚረዝም ቀላል ነገር ሲሆን፣ የአዲሱ ግን 42 ሚሊሜትር የሚረዝም ድፍን ብረት ነበር። ያን ዕለት ማታ አሮጌውን ፈትቼ አዲሱን ባስቀምጥ፣ የመጀመሪያው ብሎን ቀዳዳውን ሲያገኝ ስድስተኛው ከቀዳዳው አልፎ እንጨት ላይ አረፈ።

ልዩነቱ በድምሩ 3.5 ሚሊሜትር ነው፤ ወደ ሁለቱም ጫፍ ሲካፈል ደግሞ ለእያንዳንዱ ከ2 ሚሊሜትር በታች ይደርሳል። ሰውን የሚያሳስተውም ይኸው ማነሱ ነው። ልዩነቱ ሰፊ ቢሆን ኖሮ አዲሱ ቀዳዳ ከአሮጌው ርቆ፣ ያልተነካ እንጨት ላይ ይበሳ ነበር። ጠባብ ስለሆነ ግን አዲሱ በአሮጌው ላይ ይደረባል፣ የትራፓኖውም ጫፍ እንጨቱን ትቶ ወደ ባዶው ቀዳዳ ይንሸራተታል። ስለዚህ አሮጌዎቹ ቀዳዳዎች አስቀድመው በእንጨት ካልተደፈኑ በስተቀር ትራፓኖ እንዲነሣ አይፍቀዱ።

እኔ ትራፓኖ ስላልነበረኝ ጊታሩን ይዤ ወደ አንድ የቤት ዕቃ ሠሪ ሄድኩ። አልጋና ቁም ሳጥን ሲሠራ እጁ የሚመሰገን ሰው ነው፤ ይህን አልክድም። «መጀመሪያ ቀዳዳዎቹን መድፈን አያስፈልግም ወይ?» ብዬ ጠይቄው ነበር። «ኧረ ተው፣ ብሎኑ ራሱ ይይዘዋል» አለኝና አካሉን በጠረጴዛው ላይ አጋድሞ መብሳት ጀመረ። ሁለተኛው ቀዳዳ ተንሸራተተ። ሦስተኛው ከአሮጌው ጋር ተዋህዶ የባቄላ ቅርጽ ያዘ። አምስተኛው ላይ ሲደርስ ቀለሙ ተነሣ፣ እንጨቱም እስከ ብሎኩ መቀመጫ ጠርዝ ድረስ በቀጭኑ ተሰነጠቀ። ሰውየው በአውራ ጣቱ ዳሰስ አድርጎ «ይህ በኮላ ይጠፋል» ካለ በኋላ የእጁን 300 ብር ጠየቀኝ። ከፈልኩት። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ብሩ ሳይሆን፣ ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ «ይብቃ» ለማለት አፌን የያዘኝ ይሉኝታ ነው።

የባሰው ቤት ስገባ መጣ። እንደምንም ብሎኖቹን አሥሬ ጊታሩን ብገለብጠው፣ የብረቱ ብሎክ በጀርባ በኩል ወደ ውጭ ወጥቷል፤ የኋላው ክዳን አይገጥምም፣ ሲታቀፉት ደግሞ የቀበቶ ዘለበት ይነካል። በ40 ሚሊሜትር አካል ውስጥ 42 ሚሊሜትር ብሎክ እንደማይደበቅ ለማወቅ አናጢም ጊታሪስትም መሆን አያስፈልግም ነበር፤ አንድ ማስመሪያ ይበቃ ነበር።

በማግስቱ ብሎኩን ላስቆርጠው ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። የቶርኖ ባለሙያው ገለባበጠና «ይህን ከሥሩ ብቆርጠው እነዚህ ስፕሪንጎች የት ይሰካሉ?» ሲል ጠየቀኝ። እውነቱን ነው፤ የትሬሞሎው (ብሪጁን በማወዛወዝ የክሩን ቅኝት የሚለዋውጠው መሣሪያ) ስፕሪንጎች የሚሰኩባቸው ቀዳዳዎች ያሉት በብሎኩ የታችኛው ገጽ ላይ ነው። ምንም ሳያስከፍለኝ መለሰኝ። በዚያ ሳምንት ካገኘኋቸው ሰዎች ሁሉ ጊታር ነክቶ የማያውቀው እርሱ ብቻ ነበር፣ ከመቁረጡ በፊት የጠየቀውም እርሱ ብቻ ነው።

አካሉን ያዳኑልኝ ክራር የሚሠሩ አንድ አባት ናቸው። ጊታሩን ሲያዩ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ክሩ ወዴት ነው የሚስበው?» የሚል ነበር፤ ያን ጊዜ ትክክለኛው ቦታ መምጣቴን አወቅኩ። ከ9 (ቀጭኑ ክር 0.009 ኢንች ከሆነው) የሚጀምር የስድስት ክር ስብስብ በመደበኛ ቅኝት በድምሩ 38 ኪሎ ግራም ገደማ ይስባል፤ ያንን ሁሉ የሚሸከሙት እነዚያ ስድስት ብሎኖችና ከኋላ ያሉት ስፕሪንጎች ናቸው። እርሳቸውም የተበላሹትን ቀዳዳዎች አስፍተው ወጥ ክብ ካደረጓቸው በኋላ፣ ከደረቀ ወይራ የተላገ ጥብቅ ዘንግ በኮላ ነክረው መትተው አስገቡባቸው፤ ስንጥቁንም ኮላ አጠጥተው በማጥበቂያ አሥረው አሳደሩት። በማግስቱ ከብሎኑ ውፍረት ባነሰ ጫፍ ቀጥ አድርገው በሱልኝ፣ ብሎኖቹንም ሳሙና ላይ አሽተው አስገቡልኝ። ሳሙናው ዘዴ ነው፤ ደረቅ ብሎን ጠንካራ እንጨት ውስጥ በግድ ሲገባ አንገቱ ይበጠሳል። የገባው ብሪጅ ግን የአሜሪካው አይደለም። ልኩን በወረቀት ጽፌ፣ 52.5 በ36፣ አዲስ አበባ ለሚመላለስ ጓደኛዬ ሰጠሁትና ከአሜሪካው ዋጋ ሩቡን በማይሞላ ገንዘብ የሚገጥመውን አመጣልኝ።

ወደ ፒክአፑ ልመለስ፤ ቁጥሩን የት እንዳደረስኩትም ጠፍቶብኛል።

ፒክአፖቹን ያዘዝኩት በጥቅል ዕቃ ነበር፤ ሦስት ነጠላ ኮይል (ባለ አንድ ጥምጥም)፣ አልኒኮ 5 የሚባል ማግኔት ያላቸው። ጥቅሉን ለማውጣት ስሙን የማልጠራው አንድ ቢሮ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በመስኮቱ ያለችው ሠራተኛ ዕቃውን አንሥታ «ይህ የሙዚቃ መሣሪያ ነው ወይስ ኤሌክትሮኒክስ?» አለችኝ። የጊታር አካል መሆኑን፣ ማግኔትና እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ መሆኑን አስረዳሁ። «ጊታር ከሆነ ጊታሩ የታለ?» ስትለኝ በማግስቱ ጊታሩን አዝዬ ሄድኩ፤ እርሷ ግን በዕለቱ ዕረፍት ነበረች፣ የተተካው ሠራተኛም ጊታሩን ከእነ ቦርሳው ወደ ውስጥ ማስገባት ክልክል ነው አለኝ። በሦስተኛው ቀን ማንም ምንም ሳይጠይቀኝ ፈርሜ ወጣሁ። ስለዚህ የግዢውን ደረሰኝ አትመው ይያዙ፤ በላዩም «የጊታር መለዋወጫ» የሚል ጽሑፍ ይኑርበት።

ፒክአፕ ሲመርጡ በኪሎ ኦም (በሽቦው የኤሌክትሪክ መቋቋም ልክ) አይታለሉ። ሻጮች «ይህ 14 ነው» እያሉ እንደ ፈረስ ጉልበት ይቆጥሩታል። ብዙ ዙር የተጠመጠመ ፒክአፕ ይጮኻል፣ ነገር ግን የላይኛው ጥራት ይደበዝዛል፤ እርስዎ የፈለጉት ንጹሕ ድምፅ ያለው በዝቅተኛው በኩል ነው። የእኔዎቹ በቴስተር ስለካቸው 6 ኪሎ ኦም ገደማ ናቸው፣ በትዝታ ቅኝት ቀስ ብዬ ስጫወት እያንዳንዱ ክር ለየብቻው ይሰማል። ለነጠላ ኮይል የሚሆነው የድምፅና የቶን ፖት (ከማዞሪያው ቁልፍ ሥር ያለው መቆጣጠሪያ) 250 ኪሎ ኦም ነው፤ 500 ለሃምበከር (ለባለ ሁለት ጥምጥሙ ፒክአፕ) ይተውት፣ አለበለዚያ ድምፁ ጆሮ ይወጋል። የአሜሪካ ፖት አንገቱ 9.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይፈልጋል፣ የእርስዎ ፒክጋርድ (የጊታሩ የፊት ሽፋን) ቀዳዳ ምናልባት 8 ነው፤ እንደገና ወደ ማስመሪያው ተመለስን።

ብየዳውን ራሴ ሠራሁት፤ በዚህ እኮራለሁ። ሽቦ ከመንቀሌ በፊት በስልኬ ከአራት አቅጣጫ ፎቶ አነሣሁ። ሁለት ምሽት ፈጀብኝ፤ የመጀመሪያውን ምሽት የበላው መብራት ነው፣ ካውያው በደንብ በሞቀ ቁጥር ይጠፋ ነበር። ደካማ ካውያ የፖቱን ጀርባ ማሞቅ ስለሚያቅተው ሊዱ ተንጠባጥቦ ሳይዝ ይቀራል፤ የእኔ 25 ዋት ነበር፣ ከጎረቤቴ 60 ዋት ተውሼ ጨረስኩ። በጠንካራው ካውያ ግን የፒክአፑን ቀጭን ሽቦ ጫፍ ከሁለት ሰከንድ በላይ አይንኩት።

ሁሉንም ገጥሜ ስከፍተው በፒክአፕ መምረጫው ሁለተኛና አራተኛ ቦታ ላይ ድምፁ እንደ አሮጌ ሬዲዮ ቀጠነብኝ። የመሃለኛውን ፒክአፕ ሁለት ሽቦዎች ቦታ አለዋውጬ ነበር። በእነዚያ ቦታዎች ሁለት ፒክአፖች አብረው ስለሚሠሩ፣ አንዱ በተቃራኒ ከተገናኘ ድምፃቸው እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ሁለቱን ሽቦዎች ስመልሳቸው ድምፁ ሞላ፤ ከዚህም በላይ የመሃለኛው በማግኔቱም በጥምጥሙም ተገልብጦ የተሠራ ስለነበር፣ በእነዚያ ሁለት ቦታዎች የ50 ኸርዙ የመብራት ጉርምርምታ ጠፋ። በቀሩት ሦስት ቦታዎች የሚሰማው ጉርምርምታ የነጠላ ኮይል ጠባይ ነው፤ ፒክአፖቹ የሚገቡበትን ጉድጓድ ውስጡን በመዳብ ቴፕ ሸፍኖ ከመሬት መስመሩ ጋር ማገናኘት ይቀንሰዋል። ወደ ብሪጁ የምትሄደዋን የመሬት ሽቦ ደግሞ አደራ አይርሷት፤ እኔ አንድ ሰርግ ላይ ረስቻት ሄጄ፣ ሌሊቱን ሙሉ ከጄኔሬተሩ ጋር በአንድ ድምፅ ስንዘምር አደርን።

ስለ መወጠሪያ ቁልፎቹ ብዙ አልልም። የነበሩት ካልላሉ ይተዋቸው፤ ክር ከቅኝት የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ነቱ (በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ የሚያልፉበት ባለ ቦይ ቁራጭ) ላይ ስለሚይዝ ነው፣ የነቱን ቦይ በእርሳስ ቀለም ቢቀቡት ልዩነቱን ያያሉ።

እንግዲህ «በየትኛው ልጀምር?» ላሉት፦ ዛሬ ከማስመሪያው በቀር ምንም ሳይገዙ፣ ክሩን በመጨረሻው ፍሬት (በአንገቱ ላይ ካሉት የብረት ዘንጎች በመጨረሻው) ላይ ተጭነው በክሩና በፒክአፑ መካከል ያለውን ርቀት ይለኩ። በወፍራሙ ክር በኩል 2 ሚሊሜትር፣ በቀጭኑ በኩል 1.6 ሚሊሜትር ያድርጉት። የእኔ አሮጌ ፒክአፖች ከአራት ሚሊሜትር በላይ ወርደው ኖሮ፣ ደካማ ያልኳቸው ያለ ኃጢአታቸው ነበር፤ ይህንን የደረስኩበት ከተነቀሉ በኋላ ነው። ከዚያ ፒክአፕ፣ በመጨረሻም አስገዳጅ ከሆነ ብቻ ብሪጅ።

የአሜሪካው ብሪጅ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ ከእነ ሳጥኑ ተቀምጧል። ልኮቹን እዚሁ ይጻፉልኝ። የእርስዎ አካል 45፣ የብሎኖቹም ርቀት 56 ሆኖ ከተገኘ ፖስታ ቤት አካባቢ እንገናኝና ይውሰዱት፤ ገንዘብ አልቀበልም። 40 እና 52.5 ከሆነ ግን ቢለምኑኝም አልሰጥዎትም።